አበባ ያለበት ወለል፦ ንድፍን ከክፍል ወደ ክፍል ማሻገር

ባለ ንድፍ ንጣፍ አንድ ክፍል ብቻ ሲነጠፍ ብዙም አያስቸግርም። ጣጣው የሚመጣው በር ላይ ነው። ሳሎኑ፣ ኮሪደሩና መመገቢያ ክፍሉ ሲያያዙ፣ አንዱ ጋ የተሠራች የአንድ ሳንቲም ስህተት ቀጣዩ ክፍል ላይ አበባውን ትቆርጠዋለች። ስለዚህ እቅዱ ከግድግዳ ሳይሆን ከበር ይጀምራል።

በቅድሚያ በሮቹን አቋርጦ የሚያልፍ ረጅም ሲባጎ ይወጠራል። በየክፍሉ ደግሞ እሱን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ ሌላ ሲባጎ። ለሰፊ ክፍል ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) ብቻውን አያስተማምንም። ሁለቱ ሲባጎዎች ከሚቋረጡበት ነጥብ ተለክቶ በአንዱ መስመር 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ላይ ምልክት ይደረጋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 5 ሜትር ከተገኘ ማዕዘኑ ትክክል ነው።

ቀጥሎ ሂሳብ አለ። ክፍሉ 3.50 ሜትር ይስፋ፤ ንጣፉ 20 ሳንቲም፣ በንጣፎቹ መካከል ያለው ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። 17 ሙሉ ንጣፍ መሃል ላይ ቢደረደር በግራና በቀኝ በየጎኑ 3.3 ሳንቲም ገደማ ብቻ ይተርፋል። እንዲህ ያለ ቀጭን ቁራጭ ያስጠላል፣ ቶሎም ይሰበራል። 16 ሙሉ ብቻ ሲደረግ ግን የየጎኑ ቁራጭ 13.4 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። አራት ንጣፍ ተገጥሞ አንድ አበባ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የሚቆጠረው ንጣፉ ሳይሆን አበባው ነው።

ባርሴሎና ለዚህ ነገር ግሩም መልስ አላት። አይሻምፕላ በሚባለው ሰፈር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የተሠሩ አፓርታማዎች ወለላቸው ሳይተኮስ በፕሬስ የተሠራ የሲሚንቶ ንጣፍ ነው። በብዙዎቹ ቤቶች ክፍሉ በተለወጠ ቁጥር ንድፉም ይለወጣል። ንድፉ እንደ ምንጣፍ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ዙሪያውን ጥለት ይከበዋል፣ ከጥለቱ እስከ ግድግዳው ያለው ቦታ በባዶ ንጣፍ ይሞላል። የግድግዳው መጣመም ባዶው ንጣፍ ላይ ያልቃል፤ አበባው አይነካም። ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ቀጥ ያለ ቤት ስለማይገኝ እኔ ከሁሉም ይህን እመርጣለሁ።

የባርሴሎናው አርክቴክት አንቶኒ ጋውዲ ሌላ መንገድ ሄደ። ካሳ ባትዮ ለተባለው ቤት ያሰበው ባለ ስድስት ጎን ንጣፍ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1906 እስከ 1912 በተሠራው ሌላ ሕንፃው፣ በካሳ ሚላ፣ ተነጠፈ። ቀለሙ አንድ ነው። ላዩ ላይ ያለው የባሕር ፍጥረታት ምስል የሚሞላው ሰባት ንጣፍ ሲገጠም ነው። ጥለት አልተደረገለትም፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ በሌለበት ቤት ከክፍል ክፍል እየፈሰሰ ይሄዳል። ዛሬ ይኸው ንድፍ የባርሴሎናው የፓሴች ደ ግራሲያ ጎዳና የእግረኛ መንገድ ላይ ይታያል።

ሲገዛ ከስፋቱ በላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይጨመራል፤ ሁሉም ካርቶን የአንድ ጊዜ ምርት መሆን አለበት፣ ያለዚያ ቀለሙ ይለያያል። የሲሚንቶ ንጣፍ ከተራ ሴራሚክ እጥፍ ያህል ሊወፍር ይችላል። ሁለቱ ደፍ ላይ የሚገናኙ ከሆነ የሊሾው ከፍታ አስቀድሞ መስተካከል አለበት። ማጣበቂያው ከመነካቱ በፊት ሁለት ረድፍ በደረቁ ከበር እስከ በር ይደረደርና ደፉ ላይ ቆሞ ይታያል።