ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጣ መቃዠት፦ እንቅልፍ፣ አንጎልና አስታማሚ

ከኦፕራሲዮን በኋላ የሰው አእምሮ በድንገት ሲዛባ ሐኪሞች ዲሊሪየም ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውስጥ ይከሰታል። ታማሚው ያለበትን ቦታ ይስታል፣ ልጁን በሌላ ሰው ስም ይጠራል፣ የሌለ ነገር ይታየዋል። ጠዋት ደህና ሲያወራ የዋለ ማታ ላይ ፍጹም ሌላ ሰው ይሆናል። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ይመጣል፤ ይሄኛው ግን በሰዓታት ውስጥ ዱብ ይላል፣ በአንድ ቀን ውስጥም ከፍ ዝቅ ይላል።

ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ ወይም ከአቃቂ በኩል ሆስፒታል የገባ አዛውንት ሲቃዥ መጀመሪያ የሚያየው አስታማሚው ነው። ሌሊቱን አጠገባቸው የሚያድረው ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ነውና። ያየውን ግን ብዙ ጊዜ ለሌላ ነገር ይሰጠዋል። «እርጅና ነው» ይባላል። «ማደንዘዣው ገና አልለቀቃቸውም» ይባላል። ልክፍት ነው ተብሎ ጠበል የሚታሰብበት ቤትም አለ። ጠበሉን የሚከለክል የለም። ነገር ግን ከመቃዠቱ ጀርባ ኢንፌክሽን፣ የኦክስጅን ማነስ፣ የሽንት መታገት ወይም የውሃ እጥረት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ለነርስ መንገር ያስፈልጋል።

ይበልጥ የሚያሰጋቸው ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ፣ ቀድሞም መርሳት የጀመራቸው፣ ማየትና መስማት የደከሙ ናቸው። የልብ ቀዶ ጥገናና የዳሌ ስብራት ደግሞ አደጋውን ከፍ ያደርጉታል። እማማ መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ይወድቃሉ እንበል። መጀመሪያ ወጌሻ ይጠራል። ቀናት ያልፋሉ። ሕመሙ አያስተኛም፣ «ሽንት ቤት ማን ያደርሰኛል» ብለው ውሃ መጠጣት ይቀንሳሉ። ከዚያ ሪፈር ይጻፋል፣ በሌሊት ተነስቶ መንገድ ይጀመራል። ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገቡ ሰውነታቸው ደርቋል፣ እንቅልፍ ካዩም ሰንብተዋል። ከኦፕራሲዮን በፊት እንቅልፍ የተዛባባቸው ሰዎች ኋላ ላይ ይበልጥ እንደሚቃዡ በተደጋጋሚ ታይቷል።

የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ላይ የሚለካው መሣሪያ ኢኢጂ ይባላል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው። ነቅቶ ዓይኑን ጨፍኖ ያረፈ ሰው ሞገዱ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ ይመላለሳል። በከባድ እንቅልፍ ወደ 4ና ከዚያ በታች ይወርዳል። ዲሊሪየም የያዘው ሰው ሞገድ ደግሞ ዓይኑ ተገልጦ እያለ ዝግ ይላል። እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ ይሄ ነው። ሰውየው እያወራ ነው፤ አንጎሉ ግን የነቃ ሰው አንጎል አይመስልም።

በማደንዘዣ መድኃኒት የሚመጣው ሰመመን እንቅልፍን አይተካም። በተፈጥሮ እንቅልፍ ከባዱና ሕልም የሚታይበት ክፍል በየ90 ደቂቃው ገደማ ይፈራረቃሉ። በሰመመን ይህ ዑደት የለም። መድኃኒቱ ሲበዛ ሞገዱ ለሰከንዶች ጸጥ ይልና እንደገና ብልጭ ይላል። ይህ ጸጥታ የበዛባቸው ታማሚዎች ኋላ ይበልጥ ሲቃዡ ታይቷል። ታዲያ ኢኢጂ እያዩ መድኃኒቱን መመጠን ይበጅ እንደሆነ አሜሪካ ውስጥ 1,232 ሰዎች ላይ ተሞከረ። ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጣ። ኢኢጂ ከታየላቸው 26 በመቶው፣ ከሌሎቹ 23 በመቶው ቃዡ። አልቀነሰም። ምናልባት ጸጥታው የሚያሳየው ቀድሞም የተጎዳ አንጎልን ይሆናል።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሌሊቶችም ከባዱ እንቅልፍና ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ በጣም ይቀንሳሉ። ሕመሙ፣ የዋርዱ መብራት፣ የጎረቤት አልጋ ማቃሰት፣ ሌሊት የሚለካው ግፊት ተደማምረው ያችኑ ጥቂት እንቅልፍ ይቆራርጧታል።

የሚጮኸውን፣ ጉሉኮሱን የሚነቅለውን ሁሉም ያየዋል። የሚያመልጠው ዝም የሚለው ነው። አባባ ቀኑን ሙሉ ያሸልባሉ፣ ሲጠሩ ዘግይተው «እ» ይላሉ፣ ምግብ አይጠይቁም። ቤተሰቡ «አርፈዋል፣ አትቀስቅሷቸው» ይላል። ይህም ዲሊሪየም ሊሆን ይችላል፤ በአዛውንቶች ላይም በብዛት የሚታየው ይሄኛው ዓይነት ነው። አስታማሚ በቀላሉ ሊሞክረው የሚችል ነገር አለ። የሳምንቱን ቀናት ወደኋላ እንዲቆጥሩ መጠየቅ ነው። እሑድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ ብለው ሐሙስ ላይ ተሰናክለው ወደ ዓርብ ከተመለሱ፣ ወይም ጥያቄውን ረስተው ኮርኒሱን ማየት ከጀመሩ፣ ትናንት ግን ይህን የሚችሉ ከነበሩ፣ ሐኪም ይጠራ።

መድኃኒት ሳይጨመር የሚሠራ ነገር መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ካለው የል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 852 ሕሙማንን ተከታተለ። ሕሙማኑ ኦፕራሲዮን የተደረጉ ባይሆኑም ነገሩ ኦፕራሲዮን ለተደረጉም ይሠራል። በተለመደው እንክብካቤ 15 በመቶው ሲቃዡ፣ ልዩ ክትትል ከተደረገላቸው 9.9 በመቶው ብቻ ቃዡ። ክትትሉ ምን ነበር? መነጽራቸውን ማድረግ፣ ውሃ ማጠጣት፣ ቶሎ ማስነሳት፣ ቀኑን መንገር፣ ማታ ትኩስ ነገር አጠጥቶ ጀርባቸውን ማሸት። አስታማሚ ሊያደርገው የማይችለው የለም። መነጽራቸውን ቤት ረስቶ የመጣ ሰው ቢመለስለት ይሻላል። ቀኑን ለመንገር «ዛሬ ሚካኤል ነው» ወይም «ዛሬ ጁምዓ ነው» ማለት ለብዙ አዛውንት ከቁጥሩ ይቀርባል። ጠያቂ ቀን ላይ ጥቂት ጥቂት እያለ ይግባ፤ ማታ ግን መብራቱም ወሬውም ይቀነስ።

«እንቅልፍ አጡ» ተብሎ ዲያዜፓም ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠት መቃዠቱን ሊያባብሰው ይችላል። ቀድሞ ይወስዱት የነበሩ ደግሞ በድንገት ማቋረጥ የለባቸውም፤ ለሐኪሙ ይነገር። አረቄ የሚያዘወትሩም እንደዚሁ። መጠጡ ከተቋረጠ ከ2 እስከ 4 ቀናት ውስጥ የሚመጣው መንቀጥቀጥና መቃዠት ለሕይወት ያሰጋል። ይሉኝታ ይዞ የአባትን መጠጥ መደበቅ እዚህ ላይ ይጎዳል።

አብዛኞቹ በቀናት ውስጥ ይመለሳሉ፣ አንዳንዶቹ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። ብዙዎች የሆነውን ያስታውሱታል፣ ያፍሩበታልም፤ ቤት ውስጥ እንደ ቀልድ ባይወራ ጥሩ ነው። አንዴ የቃዡ በሚቀጥለውም ኦፕራሲዮን ይበልጥ ተጋላጭ ስለሚሆኑ፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ይህን ከቤተሰቡ አስቀድሞ መስማት አለበት።