እናትና ጨቅላ በኮሮና ወቅት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን ከተገኘ በኋላ፣ ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለ ጨቅላ ሕፃናት ብዙ ወሬ ተነዝቷል። ከወሬዎቹ አንዳንዶቹ ከበሽታው ያላነሰ ጉዳት የሚያስከትሉ ናቸው።

«በቫይረሱ የተያዘች እናት ጡት አታጥባ፤ ልጁም ከእርሷ ይለይ።»
ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ቫይረሱ በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ማስረጃ ባለመገኘቱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እናቲቱ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ አፍና አፍንጫዋን በጭምብል ሸፍና እንድታጠባ መክሯል፤ ማጥባት እስኪያቅታት ድረስ ከደከመችም ወተቷ ታልቦ በንጹሕ ኩባያ ለልጁ ሊሰጠው ይችላል። ንጹሕ ውኃ እንደ ልብ በማይገኝበት ቤት የዱቄት ወተት መበጥበጥ ተቅማጥን መጋበዝ እንደሆነ መዘንጋት የለበትም። ጉዳዩ ያለጊዜያቸው ለተወለዱና ክብደታቸው ላነሰ ጨቅላዎች ደግሞ የበለጠ ይከብዳል፤ እነርሱን የሚያሞቃቸው በእናት ደረት ላይ ገላ ለገላ ማቀፍ፣ ማለትም የካንጋሮ እንክብካቤ ነው። ድርጅቱ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት፣ ይህ እንክብካቤ ለሁሉም ቢዳረስ ከ125,000 በላይ ሕፃናትን ከሞት ሊያተርፍ ይችላል፤ በኮቪድ ምክንያት ሊሞቱ ይችላሉ ተብለው የተገመቱት ጨቅላዎች ግን ከ2,000 በታች ነበሩ። ስለዚህ መለየቱ ጥንቃቄ ቢመስልም ስሌቱ የተገላቢጦሽ ነው።

«በወረርሽኝ ጊዜ ክትትሉ ይቅር፤ ቤት መውለድ ይሻላል።»
ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስም ሆነ በእርግዝና ወቅት የሚመጣ የደም ግፊት ወረርሽኝ እስኪያልፍ አይጠብቅም። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ጭምብል ማድረግና መራራቅ ይበቃል፤ መቅረቱ ግን አደጋ ነው።

«የተያዘች ሴት የምትወልደው በኦፕራሲዮን ብቻ ነው።»
አይደለም። ቀዶ ጥገና የሚደረገው ሌላ የሕክምና ምክንያት ሲኖር ነው።

«ነፍሰ ጡሮች ወጣቶች ስለሆኑ ኮሮና አይበረታባቸውም፤ ክትባቱ ግን ጽንስ ያስወርዳል።»
በሁለቱም ተሳስተናል። በቫይረሱ የተያዙ ነፍሰ ጡሮች ነፍሰ ጡር ካልሆኑ እኩዮቻቸው ይልቅ ለጽኑ ሕመም የተጋለጡ ሲሆኑ፣ ያለጊዜው የመውለድ ዕድላቸውም ከፍ ይላል። የክትባቱ ጥርጣሬ ከምንም አልተነሣም፤ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ነፍሰ ጡሮችን ስላላካተቱ ለጊዜው መልስ አልነበረም። በኋላ የተከተቡ እናቶች ሲታዩ ግን ውርጃ እንደማይጨምር፣ እንዲያውም በእናቲቱ ደም ውስጥ ያሉ በሽታ ተከላካይ አካላት (አንቲቦዲዎች) በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ እንደሚያልፉ ታውቋል።

«አረቄ ቫይረሱን ይገድላል።»
መጠጣቱ አይገድለውም፤ ለጽንሱም አልኮል በማንኛውም መጠን አይመከርም።

«አራስ መጠየቅ ወግ ነው፤ ሕፃን መሳምም አይጎዳም።»
ወጉ መልካም ነው፤ ሆኖም ጠያቂ ሲበዛ ቫይረሱ የሚገባበት በር ይበዛል። ገንፎውንና አጥሚቱን በር ላይ አድርሶ በስልክ እንኳን ማርያም ማረችሽ ማለት ይቻላል። ሕፃኑን ለመጠበቅ ሲባል ጭምብል ማልበስ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ በጭምብል ሊታፈን ይችላል።