በመሀል አዲስ አበባ የቆዩ ተውኔቶችን ማየት፦ ብሔራዊ ቴአትርና ጎረቤቶቹ

አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ተውኔት ማየት ያማረው ሰው የግድ ፌስቲቫል መጠበቅ የለበትም፣ ቴአትር ቤቶቻችን ድሮም ለተውኔቶቹ ቀን አከፋፍለው ነው የሚሰሩት። ማክሰኞ አንድ ተውኔት፣ ሐሙስ ሌላ፣ እሁድ ደግሞ ሌላ። አንዱ ተውኔት ቀኑን ይዞ ወራት ይቆያል፣ ተመልካች ከወደደው አመትም ይሻገራል፣ ሲወርድ ሌላው ቀኑን ይረከባል። ስለዚህ ሳምንት የሚቆይ እንግዳ እዛው አዳራሽ እየተመላለሰ ሶስት አራት ስራ አይቶ ሊሄድ ይችላል።

የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የተክለሐዋርያት ተክለማርያም የአውሬዎች ኮሜዲ ነው፣ አመተ ምህረቱ ላይ ጸሐፊዎች አይስማሙም። ከዛ ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ መጣ። ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር በ1927 በማህበር ደረጃ ተቋቋመ፣ በአፍሪካ አንጋፋው ሀገር በቀል ቴአትር ቤት ነው ይባላል፣ ጥላሁን ገሠሠም ከዛ ነው የወጣው።

ብሔራዊ ጋ ስንደርስ ግን ወሬው ይረዝማል። ከለገሃር ብዙም አይርቅም፣ የታክሲ ረዳት "ብሔራዊ! ብሔራዊ!" ሲል የሚጣራው ሰፈሩን ነው፣ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ግን ከቴአትር ቤቱ ነው። ህንጻውን ጣልያን ሲኒማ ማርኮኒ ብሎ ጀምሮት ሳይጨርሰው ወጣ፣ በ1948 ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የዘውድ በዓል ተጠናቆ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመረቀ፣ የመክፈቻው ተውኔት የመኮንን እንዳልካቸው ዳዊትና ኦርዮን ነበር። አካባቢው ላይ የቆመው የድንጋይ አንበሳም የዛው ሰሞን ነው፣ የፈረንሳዊው ቀራጺ የሞሪስ ካልካ ስራ። አዳራሹ ከሺህ በላይ ሰው ይይዛል፣ እንዲህ ያለ መድረክ ያለን መሆኑ ብቻ ያኮራል።

የቆየ ተውኔት ሲባል መቼም ከሁሉ በፊት የሚነሳው ጸጋዬ ገብረመድህን ነው። ለንደን ሮያል ኮርት ቴአትር ተምሮ መጥቶ ይሄንኑ ቤት መርቷል፣ የከርሞ ሰውን፣ በአብዮቱ ሰሞን ደግሞ ሀሁ በስድስት ወርን ጻፈ፣ ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ መለሰ፣ ወጋየሁ ንጋቱና ደበበ እሸቱን የመሰሉ ተዋንያን የሱን ቃለ ተውኔት ተጫውተዋል። ቃሉ ከባድ ነው፣ ስንኙ ይረዝማል፣ ትንፋሽ የሌለው ተዋናይ መሀል ላይ ይቀራል። አንድ ቀን የሱ ስራ ሲታይ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጋሽዬ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከተዋናዩ ግማሽ ቃል ቀድመው በከንፈራቸው ብቻ ይሉት ነበር፣ አንድም አልሳቱም። ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት የሚለውን የጸጋዬን ተውኔት የሚያይ ሰው አስቀድሞ ፒያሳ አጠገብ ያለውን የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቢያይ እላለሁ፣ ጳጳሱን ፋሺስቶች በ1928 የረሸኗቸው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው።

ሳቅ የፈለገ የመንግሥቱ ለማን ጠልፎ በኪሴ እና ያላቻ ጋብቻ ይጠብቅ። ማዘጋጃ ቤት ያለው አዳራሽም ቴአትር ያሳያል።

ፕሮግራሙ በር ላይ ይለጠፋል፣ ሰሞኑን መሀል ከተማው ላይ ግንባታ ስለበዛ ቀድሞ ማረጋገጥ ይሻላል። ትኬት እዛው መስኮቱ ላይ ይቆረጣል። የእሁድ ሰልፍ ረጅም ስለሆነ ወንበር መምረጥ የፈለገ በጊዜ ይድረስ፣ ለጸጋዬ ስራ ከሆነ ፊት ፊቱን ይያዝ፣ የተዋናዩ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል።