ቢርያኒ ምንድን ነው? ቢጫ ሩዝ ሁሉማ አይደለም

ሰሞኑን ሱሉልታ መንገድ ዳር አንድ ቤት ገብቼ «ቢርያኒ» የሚባለውን የህንዶች የሩዝና የሥጋ ምግብ አዘዝኩ። የመጣልኝ ሩዝ በሥጋ ነው። እርድ የጠጣ፣ ካሮት የተበተነበት። ይጣፍጥ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ቢርያኒ አልነበረም። በዚህ ወር ሲገጥመኝ ሦስተኛዬ ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ነገሩ ቀለም አይደለም። ቅመም ማብዛትም አይደለም። ሩዙን ከነጥሬው በሥጋው መረቅ ካበሰላችሁት የሠራችሁት ፒላው ነው። ፒላው የተከበረ ምግብ ነው፤ በስሙ ይጠራ።

ቢርያኒ ላይ ሩዙና ሥጋው መጀመሪያ አይተዋወቁም። ሩዙ ለብቻው ጨው ባለው ብዙ ውሃ ይቀቀልና ልቡ ጥሬ ሳለ ይጠለላል። ከዚያ በእርጎና በቅመም ከታሸው ሥጋ ላይ ይነጠፋል። በወተት የተዘፈዘፈ ሳፍሮን (ቢጫ ቀለም የሚሰጥ ቅመም ነው) እዚህም እዚያም ጠብ ይደረግበታል። ለዚህ ነው ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ የሚወጣው። ወጥ በሆነ ቢጫ ከመጣላችሁ ጠርጥሩ። ድስቱ ይከደንና ጠርዙ ዙሪያውን በሊጥ ይመረጋል። የቀረውን እንፋሎቱ ይጨርሰዋል። ይሄ «ዱም» ይባላል፤ ከፋርስኛ የመጣ ቃል ነው፣ እስትንፋስ ማለት።

ድፎ ዳቦን አስቡት። ከታች እሳት፣ ከላይም እሳት። በዱምም ክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። ድፎው ሳይደርስ ክዳን የሚያነሳ ልጅ ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ፤ እዚህም ያው ነው፣ በከፈታችሁ ቁጥር የሚያበስልላችሁን ነገር ትለቁታላችሁ። እርግጥ ድፎ ላይ የሚበላው ሊጡ ነው፣ እዚህ ሊጡ ዘበኛ ነው። (የእኔ ልጆች ዘበኛውንም ይበሉታል።)

አንዱ «ሆድ ከሞላ ስም ምን ያደርጋል?» አለኝ። እሺ ወንድሜ፣ ቂጣ ጋግርና «ድፎ ነው» ብለህ ክርስትና ቤት ይዘህ ሂድ። ዱቄቱ ያው ዱቄት ነው።

የመጽሐፍ ደቂቃ ግን እኛ ጋ አይሠራም። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከእንጦጦ ማዶ ላለነው ደግሞ ትንሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሩዙ ይዘገያል። መጽሐፉ ለሩዙ «5 ደቂቃ» ቢላችሁ አትመኑ፣ ፍሬዋን በጣት ጨፍልቁ። በህንዷ ከተማ በሃይደራባድ ሥጋውን ከነጥሬው ከሥር አስገብተው ይመርጉታል፤ እዚህ በሀበሻ ዶሮ አልመክርም። ሩዙ ገንፎ ሆኖ ዶሮው ገና ይታገላል። ሥጋውን አብስላችሁ አስገቡት፤ እሱም «ፓኪ» የሚባል የታወቀ አሠራር ነው። ሩዙ ባስማቲ፣ ያ ፍሬው ረጅሙ፣ ይሁን። የፎገራው ሙያው ከጤፍ ጋር እንጀራ ላይ ነው።

ማንም ባይጠይቀኝም፣ የተረፈውን ድስቱ ውስጥ አታሳድሩት። ሩዝ ላይ የሚገኝ መቀቀል የማይገድለው ባክቴሪያ አለ፤ ካደረ መርዝ ያመርታል፣ መርዙን ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። መብራት ከሄደ ለጎረቤት አዳርሱት።