የጨረራ መጠን «ምንዛሪ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ አንድ ሰው በእጅ የሚያዝ የጨረራ መለኪያ ይዞ ለከበቡት ሰዎች ሲያስረዳ ደረስሁ። መለኪያው 0.15 ማይክሮ ሲቨርት በሰዓት ያነብባል (ሲቨርት ጨረራ በሰው ላይ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት የሚገመትበት መለኪያ ነው)፤ ሰውየው ግን «0.15 ሚሊ» ብሎ ጠራውና በዓመት 1.3 ሲቨርት ይደርሰናል አለ። ዓመት 8,760 ሰዓት ስለሆነ ማባዛቱስ ልክ ነበር። ስሕተቱ የተሠራው ከማባዛቱ በፊት ነው፤ ማይክሮ የሚሊ አንድ ሺኛ ስለሆነ ትክክለኛው ውጤት 1.3 ሚሊ ሲቨርት ገደማ ነው። ከጨረራ ጋር ለሚሠራ ሰው በአምስት ዓመት አማካይ የሚፈቀደው በዓመት 20 ሚሊ ሲቨርት መሆኑን ላወቀ፣ 1.3 ሲቨርት የዚህ 65 እጥፍ ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር የሚኖር የደሴ ሕዝብ ሁሉ እንዲህ ያለ መጠን የሚቀበል ቢሆን ኖሮ ነገሩ እጅግ አሳሳቢ በሆነ ነበር።

ይህን ይቅር ልለው እችላለሁ። የማልታገሠው ቀጥሎ ስለ ሌላው የጨረራ መለኪያ፣ ስለ ግሬይ፣ የተናገረውን ነው፦ «ግሬይና ሲቨርት አንድ ናቸው፤ አንድ ለአንድ ይመነዘራሉ።»

መመንዘር የሚባለው ያው መጠን በሌላ መጠሪያ ሲነገር ነው። ራድ የተባለው የቀድሞ መለኪያ ወደ ግሬይ ይመነዘራል፤ 100 ራድ 1 ግሬይ ነው። ሌላው የቀድሞ መለኪያ ሬምም ወደ ሲቨርት እንዲሁ ነው። ወደ ትንንሾቹ ስንወርድ 1 ሚሊ ራድ 10 ማይክሮ ግሬይ፣ 1 ማይክሮ ራድ ደግሞ 10 ናኖ ግሬይ ይሆናል (ናኖ የማይክሮ አንድ ሺኛ ነው)። ግሬይ ከ1975፣ ሲቨርት ከ1979 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ቢጸድቁም አሮጌዎቹ መለኪያዎች ገና በእጃችን ስላሉ ይህ ስሌት ዛሬም ይጠቅማል። ከግሬይ ወደ ሲቨርት መሄድ ግን ምንዛሪ አይደለም፤ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ነው።

እናቴ በርበሬ ስትወቅጥ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አንድ ማንኪያ በርበሬ በአንድ ኪሎ ወጥ ውስጥ ገባ እንበል፤ ግሬይ የሚነግረን ይህንኑ ብቻ ነው፤ በአንድ ኪሎ ግራም አካል ውስጥ ስንት ጁል ኢነርጂ እንደቀረ። ማንኪያው የያዘው ሚጥሚጣ ቢሆንስ? በክብደት ያው ማንኪያ ነው፤ ማቃጠሉ ግን ያው አይደለም። ለዚህ ነው ለኤክስሬይ፣ ለጋማና ለቤታ ጨረራ ማባዣው 1፣ ለአልፋ ደግሞ 20 የሆነው። ቀጥሎ ያረፈበት ቦታ አለ፤ እናቴ በርበሬ የነካ መዳፏን ምንም አትለውም፣ በዚያው እጅ ዓይኗን ስትነካ ግን ቤቱ ይታወካል። በጨረራም ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል የተሰጠ ክብደት አለ፤ ለሳንባ 0.12፣ ለእንቅርት ዕጢ 0.04፣ ለቆዳ 0.01።

እንግዲህ ያው 1 ሚሊ ግሬይ ምን እንደሚሆን እንይ። ጋማ ሆኖ መላ አካልን እኩል ካገኘ 1 ሚሊ ሲቨርት ነው። ጋማ ሆኖ የእንቅርት ዕጢን ብቻ ካገኘ 0.04 ነው። አልፋ ሆኖ ሳንባን ብቻ ካገኘ 2.4 ነው። የፒያሳው ሰው «አንድ ለአንድ» ያለው ከሦስቱ ለመጀመሪያው ብቻ ይሠራል፤ እሱ ደግሞ የትኛውን እንደያዘ አልተናገረም።

ይሁንና ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ያሳስታል። ሚጥሚጣ ወዲያው ያቃጥላል፤ ሲቨርት ግን ማቃጠልን አይለካም፤ ውሎ አድሮ ካንሰር የመከሰት ዕድልን ለመገመት የተበጀ ቁጥር ነው። ቆዳ የሚልጥ ወይም መቅኔን የሚገድል ከባድ መጠን የሚነገረው በግሬይ ነው። የጁሉ ትንሽነትም አያታልል፤ መላ አካልን በአንድ ጊዜ ያገኘ 4 ግሬይ ሰውነትን የሚያሞቀው በአንድ ሺኛ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ብቻ ቢሆንም ያለ ሕክምና ሰው ሊገድል ይችላል።

ታዲያ ያ 0.15 ማይክሮ ሲቨርት በናኖ ግሬይ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። እንዲህ ያለው መለኪያ ብዙውን ጊዜ የሚስተካከለው ሲዚየም 137 ከተባለ ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር በሚወጣ ጋማ ሲሆን፣ በዚያ ጨረራ በአየር ውስጥ የሚለካው 1 ግሬይ በመለኪያው የቁጥር መስኮት ላይ 1.2 ሲቨርት ገደማ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ 0.15ን ለ1.2 አካፍዬ በሰዓት 125 ናኖ ግሬይ ገደማ እላለሁ። ከሕዋ ለሚመጣው ክፍል ይህ ማካፈያ በትክክል አይሠራም፤ ጉልበቱ ዝቅተኛ በሆነ ኤክስሬይ ፊት ደግሞ በቱቦ የሚቆጥር ርካሽ መለኪያ አጋንኖ ሊያነብብ ይችላል። ከዚህም በላይ በደቂቃ 20 የጨረራ ምት ብቻ የቆጠረ መሣሪያ በዕድል ብቻ አራት ወይም አምስት ምት ወደ ላይም ወደ ታችም ሊል ይችላል። ያን ዕለትም ሰውየው ሲናገር ዓይኔን ከመስኮቱ አላነሣሁም ነበር፤ መጀመሪያ 0.15፣ ጥቂት ቆይቶ 0.11፣ ከዚያ 0.18 አለ፤ እሱ ለሕዝቡ ሲያበዛ የቆየው ግን የመጀመሪያውን ነው።