በዓይነ ቁራኛ

«ይህን ልጅ በዓይነ ቁራኛ ጠብቁት» ሲባል ሁላችንም ይገባናል፤ ዓይናችሁን አትንቀሉበት ማለት ነው። ቁራኛው ግን ከቁራ ጋር ዝምድና የለውም። ሥሩ «ቆረኘ» ነው፤ ሁለቱን በአንድ ሰንሰለት አሰረ።

ነገሩ የሙግት ነው። እንደዛሬው ፖሊስና ማረፊያ ቤት ባልተስፋፋበት ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ ጉዳያቸው እስኪታይ ድረስ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። ሰንሰለት ከጠፋ የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል። ቋጠሮው ሕፃን የሚፈታው ነው፤ ሰዉን ይዞ የሚያቆመው ሕጉ ነው። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የሚባለውም በዚሁ መንፈስ ነው። ዋስ የጠራ ይፈታል፤ ዋስ ያጣ አብሮ ይከርማል።

እኔን የሚገርመኝ የከሳሹ ነገር ነው። ገንዘቡን የተካደው እሱ፣ የታሰረውም እሱ! ገበያ ሲወርድ ባለዕዳውን ይዞ ይወርዳል፣ አብሮት ይበላል፣ ሌሊት አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ይነቃል። ለዕርቅ ከዚህ የበለጠ ገፋፊ ያለ አይመስለኝም።

ሰንሰለቱ ሲቀር ቃሉ ሌላ ሌላ ሥራ ያዘ። በ«ዓይነ ቁራኛ» ብረቱን ዓይን ተካው። ሕመም የጣለው ሰው «የአልጋ ቁራኛ» ሆነ፤ ዋስ የማይቀበል ከሳሽ ቢኖር አልጋ ነው። ጠበል ቦታ ደግሞ ከሰው ጋር አብሮ የኖረ፣ አንዳንዴም ከእናት ማህፀን ጀምሮ የተጣበቀ ነው የሚባል ክፉ መንፈስ «ተቆራኝቶታል» ይባላል። «ቁርኝት» ግን ለዝቦ የእናትና የልጅ፣ የሰውና የአገሩ ፍቅር መጠሪያ ሆኗል። ከእግር ብረት ዘመድ ይህን ያህል የተወደደ ቃል መውጣቱ ይደንቃል።

ልጅ ሳለሁ አያቴ ግቢው ውስጥ ገብስ ታሰጣና «ዶሮዎቹን በዓይነ ቁራኛ!» ብላኝ ትገባለች። ጓደኞቼ ከአጥር ውጭ ኳስ ይራገጣሉ። እኔ ዱላዬን ይዤ ስጡ ጥግ ቁጭ። ቀዩዋ ዶሮ ዞር ዞር ብላ ታየኛለች፣ ሲያሰኛት ወደ ጎረቤት ትሄዳለች፣ ሲያሰኛት ትመለሳለች። ከሁለታችን መነሣት ያልቻልኩት እኔ ነበርኩ።