ስለ ድሬ ባቡር የሚወራውና እውነታው

ድሬዳዋ የሚመጣ እንግዳ ከባቡር ጋር ያለው ጉዳይ አጭር ነው። ከዚራ ይሄዳል፣ ከአሮጌው ጣቢያ ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ቀፊራ ገበያን ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ከዚያ ሚኒባስ ይዞ ወደ ሐረር ይወጣል። አገሩ ሲመለስ «የድሬን ባቡር አይቼዋለሁ» ይላል። ያየው ግድግዳውን ነው። ሰው የሚሳፈርበት ባቡር ያለው ሌላ ቦታ ነው። ደስ የሚለው መንገድም የሚጀምረው ከተማው ካለቀ በኋላ ነው።

የተሳሳተ ወሬ የሚበዛው፣ እንደኔ፣ በአንድ ምክንያት ነው። ድሬ ሁለት ባቡር አላት። አንዱ በምኒልክ ዘመን የተጀመረው፣ ሐዲዱ ጠባብ የሆነው፣ ስንቱ የድሬ ቤተሰብ በደሞዙ ያደገበት «ምድር ባቡር» ነው። ሌላው በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ሰው ሁለቱን አደባልቆ ያወራል። የአሮጌውን ጣቢያ ለአዲሱ ይሰጣል፣ የአንዱን ታሪክ ለሌላው ያሸክማል።

«ባቡሩ የሚነሳው ከከዚራ ነው»

ብዙ ሰው ትኬቱን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። ከዚራ ያለው የአሮጌው መስመር ጣቢያ ነው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ በመልካ ጀብዱ በኩል ነው። በእግር የሚሞከር አይደለም። ባጃጅ ያስፈልጋል፣ እሱም ዋጋ ተስማምቶ ነው።

ለባለ ባጃጁ «ባቡር ጣቢያ» ብቻ ካላችሁት ከዚራ ሊያወርዳችሁ ይችላል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ የጠየቃችሁትን ነው ያደረገው። «አዲሱ፣ የኤሌክትሪኩ» በሉት። ያኔ «አቦ፣ እንደሱ አትሉም?» ብሎ ያዞረዋል።

በአዲስ አበባ በኩልም ያው ስህተት አለ። ከድሬ የተነሳ ሰው አሮጌው ጣቢያ ለገሃር የሚወርድ እየመሰለው ዘመድ እዚያ ያስጠብቃል። አዲሱ ባቡር የሚያወርደው ፉሪ ለቡ ነው። ለገሃርና ለቡ ደግሞ በአዲስ አበባ ትራፊክ ሁለት የተለያየ አገር ማለት ናቸው።

«ሐረርም ባቡር ይገባል»

አይገባም። ገብቶም አያውቅም። ግን ይህን የሚል ሰው ሙሉ በሙሉ ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። ሐሳቡ በእርግጥ ሐረር መግባት ነበር።

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ፈቃድ ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዩ ሊዮን ሸፍኔ ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው መዳረሻ ሐረር ነበር። ይህም አያስገርምም። ሐረር ያኔ የምሥራቁ ንግድ እምብርት ናት፣ ገዥዋም ራስ መኮንን ናቸው። ድሬዳዋ ግን ገና ከተማ አልነበረችም።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ በረሃውን አቋርጦ መጣና ተራራው ሥር ቆመ። ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት በሚኒባስ የወጣ ሰው ለምን እንደቆመ ይገባዋል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ዋናው ጣጣ ግን መሐል ያለው ነው፤ ሐረር ለመድረስ መጀመሪያ ከሐረርም ከፍ ያለውን የሐሮማያን ደጋ መውጣት ያስፈልጋል። መኪና ተጠማዝዞ ይወጣዋል። ባቡር ግን የብረት ጎማው በብረት ላይ ስለሚሄድ ዳገት አይወድም። መቶ ሜትር ሲሄድ ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ካለ መጎተቱ ይከብደዋል። ተራራውን ዞሮ ዞሮ፣ በዋሻና በድልድይ መውጣት ይቻል ነበር፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ግን አልነበረም። ኩባንያው ገና ከጅምሩ ዕዳ ያስጨነቀው ነበር።

ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ተራራው ሥር ሲደርስ፣ እዚያው ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። ያ «አዲስ ሐረር» የዛሬዋ ድሬዳዋ ነው። ኩባንያው ከስሮ፣ በ1900 ዓ.ም. በሌላ ኩባንያ ተተክቶ፣ ሐዲዱ ከተራራው ሥር ሥሩን በቆላው ይዞ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሐረር በዚያው ቀረች። ሐረሬዎች ዛሬም ባቡር ሲያስፈልጋቸው ወደ ድሬ ይወርዳሉ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሐሮማያና በአወዳይ በኩል።

«ለቁልቢም በባቡር ይኬዳል»

ግማሹ እውነት ነው። በአሮጌው ዘመን ለታኅሣሥ ገብርኤል ከአዲስ አበባ በባቡር የሚመጣው ምዕመን ብዙ ነበር። ግን ባቡሩ የሚያደርሰው ድሬ ድረስ ነው። ቁልቢ ደጋው ላይ ናት፣ ሐዲዱ ቆላው ላይ። ከድሬ በመኪና ደንገጎን ወጥቶ ወደ ኋላ መመለስ የግድ ነው።

«አዲሱ ሐዲድ አሮጌው ላይ የተነጠፈ ነው»

ሁለቱ ሐዲዶች በብዙ ቦታ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ አንዳንዴም ይራራቃሉ። አንዱ ሌላው ላይ ግን አልተነጠፈም። የአሮጌው ስፋት አንድ ሜትር ነው። የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። የአንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ መሄድ አይችልም። «እነዚያን የቆሙ ባቡሮች ጠግነው ለምን አዲሱ ላይ አያስኬዷቸውም?» የሚል ጥያቄ ድሬ ውስጥ ያልሰማ ሰው የለም። መልሱ ይኸው ነው፤ ጎማው ሐዲዱ ላይ አይቀመጥም።

«አሮጌው ባቡር የፈረንሳይ ነበር»

አብዛኛው ገንዘብ የፈረንሳይ ነበር፣ የሥራ ቋንቋውም ፈረንሳይኛ ነበር። ጡረታ የወጡ የድሬ መካኒኮች ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛና ከሶማሊኛ ጋር ፈረንሳይኛ ጣል የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ኢትዮጵያ ግማሹን ድርሻ ይዛለች። ጅቡቲ ነፃ ከወጣች በኋላ ደግሞ መስመሩ የሁለቱ አገሮች ሆነ። አዲሱም የሁለቱ ነው፦ 75 በመቶ የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶ የጅቡቲ።

«የደወሌው ባቡር የኮንትሮባንድ ባቡር ነበር»

ይህቺ ወሬ ታናድደኛለች። ውሸት ስለሆነች አይደለም፤ ጎዶሎ ስለሆነች ነው።

የአዲስ አበባው አቅጣጫ ከሞተ በኋላም አሮጌው ባቡር ከድሬ በጅቡቲ ድንበር ላይ ወዳለችው ደወሌ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንዴ ቆሞ አንዴ ተነስቶ ሲሠራ ነበር። የመጀመሪያው ጣቢያ ሽንሌ ነው፣ ከድሬ አፍንጫ ሥር። ከዚያ አዲጋላ፣ አይሻ እያለ ይሄዳል። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ሰልባጅ ልብስ ይጫንበት ነበር። ፊናንስ፣ የጉምሩክ ፈታሹ፣ ገብቶ ሲፈትሽ የሚሆነውን ትርምስ ያየ አይረሳውም። አንዷ እናት ጨርቁን ቀሚሷ ላይ ደራርባ፣ በዚያ ሙቀት ሦስት ቀሚስ የለበሰች ትመስላለች። ፈታሹም ያውቃል፣ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች።

ግን ያው ባቡር ለነዚያ ጣቢያዎች ሁሉ ነገር ነበር። በሽተኛ ድሬ ሆስፒታል የሚመጣው በእሱ ነው። ፍየል ለገበያ የሚወርደው በእሱ ነው። ዝናብ በጠፋ ጊዜ ውሃ ሳይቀር በባቡር ይሄድላቸው ነበር። ኮንትሮባንዱን ብቻ የሚያወራ ሰው ባቡሩን ከውጭ ነው ያየው።

«ኤሌክትሪክ ስለሆነ በሦስት ሰዓት አዲስ አበባ ያደርሳል»

ሒሳቡን እንሥራው። ከድሬ አዲስ አበባ በሐዲድ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ የተሠራው ለመንገደኛ ቢበዛ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ነው። አንድም ቦታ ሳይቆም፣ አንድም ጊዜ ሳይቀንስ ቢበር እንኳ አራት ሰዓት ይጠጋል። እሱ ደግሞ ይቆማል፣ ይቀንሳልም። ሰባት ስምንት ሰዓት ብላችሁ ያዙ። በጭሮና በሂርና ጥምዝምዝ መንገድ አውቶቡስ ላይ ከመንገላታት ግን ይሻላል። ማስታወክ የሚያስቸግረው ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ከሚያዘገዩት ነገሮች አንዱ ከብትና ግመል ነው። ሐዲዱ የሚያልፈው አርብቶ አደር በሚኖርበት አገር ነው። ግመል ከተገጨ የካሳ ጥያቄ ይመጣል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። ፍጥነት መቀነስ ደግሞ በዚህ መስመር ላይ እንደ ቀልድ የሚታይ ነገር አይደለም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አካባቢ አሮጌው ባቡር ኩርባ ላይ ፍጥነት ሳይቀንስ ሐዲዱን ስቶ ገደል ገብቷል። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። የዚያን ዘመን ሰዎች ዛሬም ባቡሩ ሲቀንስ አያጉረመርሙም።

«ከቆመ ተበላሽቷል ማለት ነው»

ባቡሩ ጭር ያለ ሜዳ ላይ ቆም ሲል ሰው ስልክ ያወጣል፦ «ተበላሸብን!»። ብዙ ጊዜ ግን ያልተበላሸ ባቡር ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ድረስ ሐዲዱ ድርብ ነው፣ መሄጃና መመለሻው የተለያየ። ከአዳማ ወዲህ ግን አንድ ሐዲድ ብቻ ነው ያለው። ከፊት ኮንቴነር የጫነ ባቡር እየመጣ ከሆነ አንደኛው ገለል ብሎ መጠበቅ አለበት። መንገድ ላይ ከሚታዩት ትንንሽ ጣቢያዎች አንዳንዶቹ ዋና ሥራቸው ይህ ነው። ማሳለፊያ ናቸው። «ለምን እዚህ አያወርዱኝም፣ ቤቴ እዚያ ማዶ ነው» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ጣቢያ ያለበት ቦታ ሁሉ ግን ለሰው የሚቆምበት አይደለም።

«እንደ አዲስ አበባው ቀላል ባቡር ዝም ብሎ ሄዶ መሳፈር ነው»

አይደለም። ያኛው በ2008 ዓ.ም. የተከፈተ የከተማ ባቡር ነው፣ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይመጣል። የድሬው አገር አቋራጭ ነው። በየቀኑ ላይኖር ይችላል፣ ፕሮግራሙም ይቀያየራል። ትኬት ቀደም ብሎ ነው የሚቆረጠው፣ መታወቂያ የግድ ነው። ሰዓት ሲነገራችሁ «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠዋት 2 ሰዓት የተባለውን ሌሊት 8 ሰዓት አድርጎ የሚያስብ አለ፣ ከዚያ የባሰው ደግሞ ጠዋት 8 ሰዓት ሲባል ምሳውን በልቶ የሚመጣው ነው።

ውስጡም እንደ ከተማ ባቡር አይደለም። ወንበር አለ፣ ባለ ሦስት ድርብ አልጋም አለ። ከአልጋው የታችኛው ይመረጣል፣ ከመስኮቱ ጋር እኩል ነው። የላይኛው ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ አይቻልም፣ ጣሪያውን እያዩ መሄድ ነው።

«ከድሬ ወዲያ በረሃ ነው፣ መጋረጃ ዘግተህ ተኛ»

ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው ራሱ ተኝቶ ነው ያለፈው።

ከድሬ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ በግራ በኩል ያለውን መስኮት ያዙ። የሐረርጌ ተራሮች ለረጅም ጊዜ አብረዋችሁ ይሄዳሉ። በቀኝ በኩል ሜዳው ወደ አፋርና ወደ ሶማሌ አገር ይዘረጋል። መጀመሪያ ሁርሶ ይመጣል፣ ስንቱ ወታደር የሠለጠነበት ቦታ። ከዚያ ፍልውሃ ያለባት ኤረር። ኤረርና ጎታ በአሮጌው ዘመን የፍራፍሬ አገር ነበሩ፤ ባቡር ሲቆም ብርቱካን በመስኮት ይሸጥ እንደነበር ትልልቆቹ ያወራሉ። ቀጥሎ ቢኬ፣ አፍደም፣ ሙሉ፣ ሚኤሶ። ግራር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ የቆመ የግመል መንጋ።

ከነዚህ ከተሞች ብዙዎቹን የወለደው አሮጌው ባቡር ነው። ዋናው የመኪና መንገድ በደጋው በኩል ስለነበር ባቡሩ ሲቆም ብቻቸውን ቀሩ። አዲሱ ደግሞ አጠገባቸው ያልፋል እንጂ ሁሉም ጋ አይቆምም። ብርቱካን በመስኮት መግዛትም ቀርቷል፣ ምግባችሁን ከድሬ ይዛችሁ ውጡ።

«ጅቡቲ ድረስ በመታወቂያ ይኬዳል»

እስከ ደወሌ አገር ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ፓስፖርትና ቪዛ ነው። «ዘመዶቻችን እኮ ማዶ ናቸው» የሚለው ክርክር ድንበር ላይ አይሠራም፤ የጅቡቲዋን ዓሊ ሳቢህን በመስኮት ለማየት አስባችሁ ከሆነ ወረቀታችሁን ከቤት ሳትወጡ ጨርሱ።